15,500 ብር የተባለው ስልክ

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ላይ የተቀመጣችሁ የቦንጋ ስልክ ነጋዴዎች፣ ለምን ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጣችሁ ገብቶኛል። ስማችሁን ለማጥፋት አልመጣሁም፤ ትንሽ መቆንጠጤ ግን አይቀርም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝም አንድ የመደመር ሒሳብ ነው። ነገሩ የጀመረው ቤቴ ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስልክ እንደምገዛላት ቃል ገብቼ ነበር። እሷም እንደ እኩዮቿ ሱቅ ለሱቅ አልዞረችም፤ ቴሌግራም ከፈተች። አንድ ማታ ከአዲስ አበባ ሻጭ ቻናል ላይ ያገኘችውን ማስታወቂያ አሳየችኝ። የስልኩ ፎቶ፣ ከሥሩ የእሳት ምልክት፣ ከእሳቱ መሐል «15,500 ብር ብቻ»። ከጎኑ ደግሞ 19,999 ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። «አባዬ፣ ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» አለችኝ። እኔም ለቸኮለ አባት የሚመጥን ሥራ ሠራሁ፤ ወዲያው ደወልኩ።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እሱ ዋጋ የባለ 64 ጊጋው ነው፤ እሱ ደግሞ አልቋል። 128ቱ 18,000 ነው» አለኝ። ይሁን አልኩ። ትንሽ ቆይቶ 18,000 የተባለው ስላሽ መሆኑን ነገረኝ፤ ማለትም ካርቶኑ የተከፈተ፣ የሌላ ሰው እጅ የነካው። ፓክዱ፣ ማለትም ካርቶኑ ያልተከፈተው፣ 20,500 ነው። ይሁን አልኩ። «ደረሰኝ ይፈልጋሉ ጋሼ? ከፈለጉ ቫት ይጨመራል።» በ20,500 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 3,075 ብር ነው፤ ይኸው ደረስን 23,575። ወደ ቦንጋ በአውቶቡስ መላኪያ 400። ቻርጀሩ ካርቶኑ ውስጥ እንደሌለና ኩባንያው ራሱ እንዳስቀረው የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቻርጀርና ከቨር 700። ጠቅላላው 24,675 ብር። ከእሳቱ መሐል ከነበረው ቁጥር የ9,175 ብር ልዩነት አለው፤ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ማለት ነው።

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቴን ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። ልጁ አልዋሸኝም። ባለ 64 ጊጋው በእርግጥም አንድ ቀን 15,500 ተሽጦ ሊሆን ይችላል። የጠየቅሁትን ሁሉ መልሶልኛል፤ ያልጠየቅሁትንም በመጨረሻ ነግሮኛል። ታዲያ በየደረጃው እውነት የሆነ ነገር ሲደመር እንዴት ማታለያ ሊሆን ቻለ? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን ዘግቶ ስለሚጠፋው ሌባ አላወራም፤ እሱን ፖሊስ ይፈልገው። እኔን ያሳሰበኝ ሱቅም ንግድ ፈቃድም ያለው፣ ዕቃውንም የሚልከው፣ ዋጋውን ግን በቁራጭ በቁራጭ የሚነግረን ነጋዴ ነው።

ወደ ቡናችን ልውሰዳችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቡና ያልሸጠ ወይም ከቡና ሻጭ ያልተወለደ ሰው እምብዛም አይገኝም። አንድ ሰብሳቢ መንደር ገብቶ «ኪሎውን በዚህን ያህል እገዛለሁ» ቢል አባቶቻችን ዝም ብለው ጆንያ አይፈቱም። እሸቱን ነው? ጀንፈሉን ነው? ተፈልፍሎ ነው? ሚዛኑ የማነው? የጆንያው ክብደት ይቀነሳል ወይ? ማጓጓዣው በማን ነው? ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ዋጋ ሰማሁ የሚል የካፋ ገበሬ የለም። ምክንያቱም የእሸትና የጀንፈል ዋጋ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ያውቃል። ባለ 64 እና ባለ 128 ጊጋ ማለትም እንደዚያው ነው። ፓክድና ስላሽም እንደዚያው። በቡና ሚዛን ማንም የማያሞኘን ሰዎች በስልክ ማስታወቂያ ፊት የአንደኛ ክፍል ተማሪ የምንሆነው፣ ስልክ ለኛ ሁሌ የምንገዛው እንጂ የምንሸጠው ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል። የሚገዛ ብቻ የሆነ ሰው መጠየቅ ይረሳል።

ቡና ላይም ቢሆን ዋጋ የታየው በትግል ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ በየከተማው ሰሌዳ ላይ ማውጣትና በ929 ደውሎ የሚሰማበትን መንገድ መክፈት ነበር። ያ ከመሆኑ በፊት የጅማ ነጋዴ የነገረን ዋጋ ዋጋ ነበር። ምርት ገበያው ብዙ የሚነቀፍበት ነገር አለ፤ እኔም የምነቅፈው አለኝ፤ ዛሬ ግን ቀኑ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋ በአደባባይ ሲታይ ሩቅ ያለው ሰው ይጠቀማል።

ሩቅ መሆን ደግሞ የቆየ ዕዳችን ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን ቦንጋ የሩቅ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው የጨው አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ በደረሰበት ሁሉ ዋጋው ይጨምር ነበር። ርቀቱን የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው። ያኔ ግን አሞሌው ፊትህ ተቀምጦ ታየዋለህ፤ የተሸረፈ እንደሆነ በጣትህ ትዳስሰዋለህ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ያላየነውን ዕቃ በፎቶ እንገዛለን። ያውም ፎቶው ብዙ ጊዜ ከኩባንያው ድረ ገጽ የተወሰደ ነው።

እስቲ የነጋዴውንም ወገን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ከኋላ ያሉት ይወጡብኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ በዚያው ቀን 74 ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 አለፈ። ሰኞ ቻናል ላይ ዋጋ የለጠፈ ነጋዴ በዚያ ዋጋ አርብ ቢሸጥ በገንዘቡ ሌላ ስልክ ማምጣት አይችልም። ይህ እውነት ነው። ብዙዎቹ ዋጋ መለጠፉን ትተው «ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት የጀመሩት ለዚህ ነው ብለው ይነግሩኛል።

ግማሹን አምናለሁ። ግማሹን ግን አላምንም፤ ምክንያቱም «ዋጋ በኢንቦክስ» ከዶላሩ በፊትም ነበር። በኢንቦክስ የሚነገር ዋጋ ለሁሉ አንድ አይደለም። ከየት እንደምትጽፍ ይጠይቅሃል፤ የፕሮፋይል ፎቶህን ያያል፤ ከተማ አጠገብ ሆነህ ሦስት ሱቅ ማወዳደር የምትችል መሆንህን ይገምታል። ቦንጋ ነኝ ስትለው መጥተህ እንደማትከራከረው ያውቃል። ዋጋው ሊለወጥ ከቻለ «ይህ ዋጋ እስከ አርብ ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይከለክለዋል? ደብቆ ማስቀመጥና ቀን ገድቦ መለጠፍ በጣም የተለያየ ነገር ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ቫቱ ነው። «ደረሰኝ ከፈለጉ» የሚለውን አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እንደ ሻይና ቡና ምርጫ ይቀርብላችኋል። ደረሰኝ ምርጫ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ የግብር ሕጉማ ከዚያም የጠበቀ ነው። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ 20,500» ሲል በትርጉሙ የሚነግርህ «ግብሩን እኔና አንተ አብረን እንስረቅ፤ ነገ ስልኩ ሲበላሽ ግን አላውቅህም» ነው። እኛም ሦስት ሺህ ብር ያተረፍን እየመሰለን የምንሸጠው የመከራከር መብታችንን ነው።

ያው አዋጅ ሌላም ይላል። ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ሸማቹ በሚያየው ቦታ እንዲያሳይ ያዝዛል። ስለ ዋጋ ሐሰተኛ ወይም አሻሚ መረጃ ማሰራጨትንም ይከለክላል። ይቺን «አሻሚ» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። የእኔ ሻጭ አልዋሸም ብያችኋለሁ፤ ነገር ግን የሌለውን ባለ 64 ጊጋ ዋጋ ከባለ 128ቱ ፎቶ ሥር ለጥፎ መደወሌን መጠበቁ አሻሚ ካልሆነ አሻሚ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። ስለዚህ በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ለተበላሸ ዕቃ አይሠራም። የምትለጥፉት ካላችሁ ዛሬ ማታ አውርዱት፤ ነገ ከተማሪዎቼ ጋር አልፋለሁ።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ደግሞ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አስነብቦኝ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። በአንቀጽ 1687 መሠረት የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ወይም ዕቃ ለሕዝብ ማሳየት ብቻውን እንደ ውል ማቅረቢያ አይቆጠርም። ማለትም «ቻናልህ ላይ 15,500 ብለሃልና በዚያ ሽጥልኝ» ብዬ ባስገድደው ሕጉ እሱን ሊደግፍ ይችላል። ይህን ስሰማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ቀጥሎ ግን ስለ ቀብድ ያለውን አነበበልኝ፤ ፊቴ የበራው ያኔ ነው።

ቀብድ የተቀበለ ሰው ውል መኖሩን በራሱ እጅ አስመስክሯል። ከዚያ በኋላ፣ በመካከላቸው ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። አንቀጽ 1885 ነው፤ የምትጽፉ ጻፉት። የሥራ ባልደረባዬ የሆነ መምህር ለአንድ ሻጭ 3,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ልኮ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ዶላር ጨምሯል፤ 2,500 ጨምር» ተባለ። አልጨምርም ሲል «እንግዲያው ቀብድህ ቀለጠ» አሉት። እሱም ቀለጠ ብሎ ተቀመጠ። ዋጋውን የለወጠው ሻጩ ነው፤ ውሉን ያፈረሰውም ሻጩ ነው፤ ባልደረባዬ 3,000 ብሩን አጣሁ ብሎ ሲያዝን 6,000 ብር መጠየቅ ይገባው ነበር።

«ማስረጃ የለኝም» አለኝ። አለህ! የቴሌብሩ መልእክት አለህ፤ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍከው አለህ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከወጣበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ ቢስ ነው አይባልም። ችግሩ ቴሌግራም ላይ ሻጩ የጻፈውን ሊያርመው ወይም ከአንተም ስልክ ላይ ጭምር ሊያጠፋው መቻሉ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲነገርህ ወዲያው ስክሪንሾት አንሣ። ቀብድ ከመላክህ በፊት ደግሞ አንድ መልእክት ጻፍለት፤ «ስሙ ይህ የሆነ፣ 128 ጊጋ፣ ፓክድ፣ ከነደረሰኙ፣ ቦንጋ መናኸሪያ ድረስ፣ በጠቅላላው ስንት?» በል። በአንድ ቁጥር ይመልስ። ካልመለሰ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ለአምስት ቻናሎች ልኬ ነበር፤ በአንድ ቁጥር የመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ «ይደውሉ» አሉኝ፤ ሁለቱ እስካሁን አልመለሱም።

ከውጭ ስለሚመጡ ስልኮች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እዚህ ብዙ ሰው በውጭ ዘመድ አለው። እኛ ስልክ የምንገዛው ሙሉውን ከፍለን ነው፤ ካርድ የምንሞላው ለብቻው ነው። አሜሪካ ግን ስልክ በብዛት የሚሸጠው ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር በሚታሰር ውል ነው። «ነጻ ስልክ» ይሉታል፤ ዋጋው ግን በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ የሚታሰብ ነው። ውሉ ካላለቀ ስልኩ ብዙ ጊዜ በዚያ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ይቆያል። እንዲህ ያለው ስልክ እዚህ ሲደርስ ርካሽ ሆኖ ይለጠፋል፤ «አሜሪካ ሠራሽ ንጹሕ» ተብሎ። የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም ስታስገባበት አያነብም። ሻጩ «ከሲሙ ሥር የምትገባ ስስ ቺፕ አለች፤ 1,500 ብር» ይልሃል። ዋጋው እንደገና አደገ ማለት ነው፤ ስልኩ በታደሰ ቁጥርም ቺፗ ልትከሽፍ ትችላለች። አይፎን ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አይክላውዱን ካልለቀቀው የያዝከው ውድ መስተዋት ነው። ከዘመድ ቢመጣም ጠይቁ፤ ማፈር የለም። «ውሉ አልቋል ወይ? ተከፍቷል ወይ?» ማለት ስድብ አይደለም።

ያ የተሰረዘው 19,999 ብርስ? እውነት ስልኩ በዚያ ዋጋ ተሽጦ ያውቃል? እኔ ማረጋገጫ የለኝም፤ ሻጩም አልሰጠኝም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን ጨዋታ ስለሚያውቁት እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ቅናሽ ብሎ የሚያስነግር ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ እንዲያሳይ አስገድደዋል። እንግሊዞችም ከ2025 ኤፕሪል ወዲህ ገዢው ሊያመልጠው የማይችለው ክፍያ ሁሉ መጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት በሕግ ወስነዋል። እዚያም ነጋዴ በቁራጭ በቁራጭ ይናገር ነበር ማለት ነው። የኛ አዋጅ ግን ይህን ያህል ዝርዝር የለውም፤ በቴሌግራም ለሚሸጥ ዕቃ ዋጋ እንዴት ይለጠፍ የሚል መመሪያ ወጥቶ ማየት እፈልጋለሁ።

አቤቱታ የምታቀርቡበት ቦታም ቀርቧል። ክልላችን በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስኪመሠረት ድረስ ለክልል ጉዳይ የምንሄደው ሐዋሳ ነበር፤ ዛሬ የክልሉ አስተዳደር እዚሁ ቦንጋ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ነገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስሙንና አድራሻውን የማታውቀውን ሰው መክሰስ አይቻልም። ለዚህ ነው ንግድ ፈቃዱን፣ ቢያንስ የሱቁን ሕንፃና ቁጥር ቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ኋላ ወንበር። የቦንጋ ስልክ ነጋዴዎች፣ እናንተ አዲስ አበባን በዋጋ ማሸነፍ አትችሉም፤ ማንም አይጠብቅባችሁም። እኛም ጥቂት ብር ብንጨምር ስልኩን ነክተን፣ በፊታችሁ *#06# ደውለን የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያይተን፣ ሲማችንን አስገብተን እንወስደዋለን፤ ቢበላሽ ሱቃችሁ ነገም እዚያው ነው። ይህ ጥቅም እያላችሁ ግን እናንተም ስትጠየቁ «ስንት ይዘሃል?» ትሉናላችሁ። እባካችሁ ይህን ተዉት። ከነገ ጀምሮ በመስተዋቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስልክ ሥር ስሙን፣ ጊጋውን፣ ፓክድ ወይም ስላሽ መሆኑንና ከነቫቱ ጠቅላላ ዋጋውን በእጅ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዶላር ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱን ቀይሩት፤ ማንም አይወቅሳችሁም።

ልጄ ስልኳን ያገኘችው እዚሁ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ከማይርቅ ሱቅ ነው። 128 ጊጋ፣ ፓክድ፣ ቻርጀርና ከቨር ተጨምሮበት፣ ከነደረሰኙ 23,800 ብር ከፈልኩ። ባለሱቁ ሴት ናት፤ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አለች። ዋጋውን አልተከራከርኳትም፤ ከስልኩ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር።